ይታሰር ከተባለ ዛፉ ይታሰር

ሰሞኑን አንድ ፎቶ ከገጽ ወደ ገጽ ሲዞር አየሁ። የለጠፈው ልጅ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ስለሆነ ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። እዚሁ ሰቆጣ ነው፣ ሳሎን ውስጥ። ጥጉ ላይ የተቆረጠ ጥድ ቆሟል፤ ጥጥ ተበትኖበታል፣ ብልጭልጭ ተጠምጥሞበታል፣ ቀይና ወርቅማ ኳሶች ተንጠልጥለውበታል። ከሶፋው እግር ጋር ደግሞ አንዲት ግራጫ ድመት አንገቷን በሲባጎ ታስራ ተኮራምታለች። ከፎቶው በላይ «እስከ ገና ማግስት ዋስትና ተከልክላለች» ይላል።

ልጁ ድሮም ክፍል ውስጥ ቀልደኛ ነበር። ኮሜንቱ ግን አላሳቀኝም። አንዱ «ገመዱን አሳጥረው» ይላል። ሌላዋ «ጆንያ ውስጥ ከተህ ወንዝ ማዶ ጣላትና በዓልህን በሰላም አክብር» ትላለች። አንዱ ዛፉ ላይ ሚጥሚጣ እንዲነሰንስ ይመክራል። አንዱ ደግሞ «ሁለት ጊዜ በደንብ ብትቀምስ ሦስተኛ አትደግምም» ብሏል፣ ስለ ዱላ መሆኑ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል «ለመሆኑ ጥፋቷ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም አላየሁም።

እንግዲህ እኔ ልጠይቅ። በእኛ አገር ሰው ክሱ ሳይሰማ አይፈረድበትም፣ ሽማግሌ ፊት እንኳ ቀርቦ የሚለውን ይላል። ድመቷም ከተከሰሰች ክሱ ይነበብ።

ክሱ ይሄ ነው፦ ዛፉ ላይ ወጣች፣ ኳስ አወረደች፣ ብልጭልጩን ጎተተች፣ በመጨረሻም ዛፉን ገለበጠችው። እሺ። አሁን ነገሩን ከእሷ በኩል ሆናችሁ እዩት። ድመት ዛፍ የምትወጣ ፍጥረት ናት፣ ጥፍሯ ለዚያም ጭምር የተሰጣት ነው። ዓይኗ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ነገር ይልቅ የሚንቀሳቀሰውን ቶሎ ይይዛል፣ በድንግዝግዝም ቢሆን። እናንተ ደጅ የነበረውን ዛፍ የዱር ሽታውን እንደያዘ አምጥታችሁ ከምትተኛበት አጠገብ ተከላችሁ። እንደ ወፍ የሚወዛወዝ፣ እንደ አይጥ ጅራት የሚንጠለጠል፣ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ሰቀላችሁበት። ከዚያ «አትንኪ» አላችሁ። በአማርኛ?

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ ለስድብ ይነገራል። እንደ ባዮሎጂ መምህር ስሰማው ግን ተረቱ ልክ ነው። እናንተ ጨዋታ የምትሉት ለእሷ ሥራ መለማመጃ ነው። አድፍጣ ስትጠብቅ፣ ኳሱን በመዳፏ ስትመታ፣ ክሩን በጥርሷ ይዛ በኋላ እግሯ ስትረግጠው ያያችሁት እንቅስቃሴ ሁሉ አይጥ ላይ የምታደርገው ነው። በተለይ ዓመት ያልሞላት ግልገል ከሆነች፣ የገና ዛፍ አይታ ዝም ካለች አሟታል ማለት ነው።

ደግሞ እኮ ገና ነው! አባቶቻችን ገናን በበትርና በጥንግ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ነው የኖሩት፤ በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ አይለይም፣ ሹሙ ቅልጥሙን በበትር ቢመታ እንኳ ቂም መያዝ ነውር ነበር። ዛሬ ሜዳው ቤት ተሠርቶበታል፣ ልጆቻችን ስልክ ላይ ናቸው። በብዙ ቤት ውስጥ በገና ዕለት ኳስ የሚመታ ፍጥረት ድመቷ ብቻ ቀርታለች። እሷንም አሰራችኋት።

«ቤቱ የማን ነው?» የሚል ክርክር ከተነሳም እንይ። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ከዛሬ 9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የወጣ የዘር ጥናትም የዓለም የቤት ድመት ሁሉ ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት የወረደ መሆኑን አሳይቷል፤ የእሷ ዘመድ የሆነችው የአፍሪካ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን አለች። ለምን ወደ ሰው መጣች? ሰው እህል ማከማቸት ስለጀመረ ነው። እህሉ አይጥን ጠራ፣ አይጧ ድመትን ጠራች። ማንም በገመድ ጎትቶ አላመጣትም። የገና ዛፍስ? በ16ኛው መቶ ዘመን በጀርመኖች አገር የተለመደ ነገር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1848 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ቤተሰብ በዛፍ ዙሪያ ቆሞ የሚያሳይ ሥዕል ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነው በእንግሊዝ ሕዝብ ዘንድ በጣም የተዛመተው፤ ቋረኛው ካሣ ቴዎድሮስ ተብሎ ከመንገሡ ስድስት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ሰቆጣ ሳሎን ውስጥ የገባበትን ጊዜ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ማስተማር ስጀምር አንድ ተማሪዬ ቤት እንኳ አላየሁም። ስለዚህ እንግዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ።

ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ነው። ታኅሣሥ በዋግ ምን ወር ነው? የአውድማ ወር ነው። ጤፉ፣ ገብሱ፣ ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ ወደ ቤት የሚገባበት ነው። ገበሬው ጎታውን ይሞላል፤ ከተሜውም ዋጋው ረከስ ሲል አንድ ሁለት ኩንታል ሸምቶ ጓዳ ያስቀምጣል። ማሳው ሲራቆት የማሳው አይጥ መሸሸጊያም ምግብም ያጣል። የት ይሄዳል? እህሉ ወደሄደበት ነዋ! ከእህሉ ጋር አብሮ ቤት ይገባል። ከዓመቱ ቀን ሁሉ ድመት በሌሊት ነጻ ሆና መዞር ካለባት አሁን ነው። እናንተ ልክ በዚህ ሳምንት ከሶፋ እግር ጋር አሰራችኋት። ለምን? ኳስ እንዳይወድቅ።

አይጥ በሆዱ የሚበላው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጆንያውን ይበሳል፣ በቀዳዳው የሚፈሰው ከአፈር ይቀላቀላል፣ የቀረው ላይ ይሸናል፣ ይፀዳዳል። ጓዳ የምታውቅ እናት ትነግራችኋለች። በጦርነቱ ጊዜ ቤታችንን ጥለን ወጥተን ስንመለስ እኛ ቤት የቀረው ግማሽ ጆንያ ማሽላ ገለባና ፋንድያ ሆኖ ነው የቆየን። ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ አንዲት ባልቴት ጎታቸውን በጭቃ መርገው ድመታቸውን ከደጅ ትተው ነበር የሄዱት። ድመቷ ከስታ፣ አንድ ጆሮዋ ተቀዶ ቆየቻቸው። ጎታቸውን ሲከፍቱ እህሉ እንዳለ ነበር። ከዚያ ክረምት ያወጣቸው እሱ ነው። ባልቴቷ እስከ ዛሬ ወጥ ሲሠሩ መጀመሪያ ጨልፈው የሚያስቀምጡት ለማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ «ቲቸር፣ ሰው እየተራበ አንተ ስለ ድመት ትጽፋለህ?» ለምትሉኝ መልሴ ይሄው ነው። በ2016 ዓ.ም. በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ ድርቁ ምን እንዳደረገ አትንገሩኝ፣ እዚሁ ነበርኩ። አንድ ቁና እህል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የእህሉን ጠባቂ አያስርም። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቼ በቪዲዮ የምታዩዋት፣ በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ የምትበላው ድመት ሌላ ናት፤ እሷ ለፍቅር የተያዘች ናት፣ ይሁን። የእኛዋ ደመወዝ የሌላት የጎተራ ዘበኛ ናት። ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምሮ ቤቱ በሙሉ በጾመ ነቢያት ላይ ነው፤ ለእኛ ሽሮና ምስር ሲሆን ለእሷም ያው ሽሮ ነው። ድመት ያለ ሥጋ የማትኖር እንስሳ ስለሆነች በዚህ ወር ራሷን የምትመግበው ራሷ አድና ነው። አስራችሁ ሽሮ ሰጣችኋት ማለት አስራችሁ አስራባችኋት ማለት ነው።

የመጣሉ ምክርማ ይብሳል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ውጭ ላደረ ይታወቃል። ሰፈሯን የማታውቅ ድመት ወንዝ ማዶ ብትጣል ወይ ውሻ ይዘነጥላታል፣ ወይ ጅብ ያገኛታል። ብትተርፍም ከውሻ ንክሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዛ ልትመለስ ትችላለች፤ በሽታው ድመትንም ሰውንም አይምርም። ድመቷ ከሄደች በኋላ አይጡ ሲበዛ ምን እንደምታደርጉም አውቃለሁ። ገበያ ወጥታችሁ የአይጥ መርዝ ትገዛላችሁ። መርዙን የበላ አይጥ እየተንገዳገደ ይወጣና የጎረቤት ድመት ትበላዋለች፣ እሷም ትሞታለች። ዳዴ የሚል ሕፃን ባለበት ቤት መርዙ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አልናገርም።

በገመድ ማሰርስ? ድመት እንደ ፍየል አንገቷ ታስሮ የሚኖር ፍጥረት አይደለችም። ስትደነግጥ ወደ ላይ ትዘላለች። ከሶፋው መደገፊያ ላይ ዘላ በወዲያ በኩል ከወረደች ሲባጎው ያንቃታል። ጠዋት ተነስታችሁ ከዛፉ ሥር የምታገኙት ስጦታ የሞተች ድመት ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ፦ ድመቷና ዛፉ መራራቅ አለባቸው። ለኳሱ ብዬ ሳይሆን ለእሷና ለልጆቻችሁ ብዬ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ በደንብ አንብቡ።

ትልቁ አደጋ ያ የምትወዱት ብልጭልጭ ክር ነው። የድመት ምላስ ላይ ወደ ኋላ ወደ ጉሮሮዋ ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች አሉ፤ ጸጉሯን የምታበጥረው፣ ከአጥንት ላይ ሥጋ የምትልሰው በእነሱ ነው። ክር አንዴ ከያዘች ግን እሾሆቹ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይመልሱም። መትፋት ብትፈልግም ትውጠዋለች። የክሩ አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም ጨጓራዋ ላይ ይጠመድና ሌላው ጫፍ ወደ አንጀቷ ይሄዳል። አንጀቷ ሊገፋው ሲሞክር እንደ ሱሪ መቀነት ክሩ ላይ ይሰበሰባል፤ ሲብስም ክሩ አንጀቱን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ያለ ቀዶ ሕክምና የምትድንበት ዕድል በጣም ጠባብ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች በየዓለሙ በገና ሰሞን ስለዚህ ክር የሚጮኹት ለዚህ ነው። ሲባጎም፣ የስፌት ክርም፣ የስጦታ ማሰሪያ ሪባንም ያው ናቸው።

ሁለተኛው ሽቦው ነው። ግልገል ድመት ጥርሷ ሲያሳክካት የመብራቱን ሽቦ ታኝካለች። ርካሹ የዛፍ መብራት ሽቦው ከክር የወፈረ አይደለም፣ መሸፈኛው በጥፍር ይላጣል። ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ካኘከችው በቁሟ ትደርቃለች፤ የተላጠውን ሽቦ ደግሞ ልጃችሁ ሊይዘው ይችላል። ሦስተኛው ጥጡ ነው። መቼም ዋግ ላይ በረዶ ለማስመሰል ጥጥ መበተን የሚገርም ነገር ነው፤ እንደ ዝናብ እንጂ እንደ ጥጥ የሚወርድ በረዶ የቱ አባታችን አይቶ ያውቃል? ይሁን፣ ለውበት ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉ አውቃለሁ፦ ሻማ ለኩሳችሁ ከዛፉ ጎን ታስቀምጣላችሁ። የደረቀ ጥድ፣ ጥጥ፣ ሻማና የምትዘል ድመት በአንድ ክፍል ውስጥ! እሳት ከተነሳ ጥፋቱ የድመቷ ነው የሚባለው፣ ሻማውን ያስቀመጠውን ማንም አይጠይቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚታሰር ነገር ካስፈለጋችሁ ዛፉን እሰሩት። ከልቤ ነው። ያንኑ ሲባጎ ወስዳችሁ የዛፉን ወገብ ከግድግዳው ሚስማር ወይም ከመስኮቱ ፍርግርግ ጋር በሁለት በኩል ወጥራችሁ እሰሩት፤ ጫፉን አጭር አድርጋችሁ ቁረጡት፣ እንዳይንጠለጠል። ሥሩን በቀለም ባልዲ ውስጥ አቁማችሁ በድንጋይና በአሸዋ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት። እንዲህ የቆመ ዛፍ አንዲት ሁለት ኪሎ የማትሞላ ግልገል አትጥለውም። ቦታውንም ምረጡ። ከቡፌው ወይም ከሶፋው አጠገብ ካቆማችሁት መወጣጫ ደረጃ ሠራችሁላት ማለት ነው፤ ራቅ አድርጉት።

ከዚያ ዛፉን ምንም ሳትሰቅሉበት አንድ ሁለት ቀን ባዶውን አቁሙት። ታሸተዋለች፣ ትዞረዋለች፣ አንድ ጊዜ ትወጣበት ይሆናል፣ ከዚያ ይሰለቻታል። ከታች እስከ ጉልበታችሁ ድረስ ያለውን ቅርንጫፍ ባዶ ተዉት። ብልጭልጭ ክሩን ጨርሶ ተዉት፣ ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ። በእሱ ፋንታ ልጆቹ ከደብተር ሽፋን ኮከብ ይቁረጡ፣ የወደቀ ቢረገጥ የማይሰበር። የሚሰበረውን ኳስ ከላይ አድርጉት፣ በክር አንጠልጥላችሁ ሳይሆን ቅርንጫፉ ላይ አጥብቃችሁ። የብርቱካን ልጣጭ ከሥሩ አስቀምጡ፤ ብዙ ድመት የብርቱካን ሽታ አይወድም፣ ሲደርቅ ግን መቀየር አለበት። የሚጥሚጣውን ነገር እርሱት። ሚጥሚጣ ዓይኗና አፍንጫዋ ውስጥ ይገባል፣ ቀጥሎ ደግሞ ቅጠሉን የነካው ልጃችሁ ዓይን ውስጥ። የመብራቱን ሽቦ ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ በፕላስተር አጣብቁት፣ ስትተኙ ከሶኬት ንቀሉት። ሳሎኑ በር ካለው ማታ ዝጉት፤ እሷ ጓዳ ትደር፣ ሥራዋ እዚያ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አጫውቷት። ከመተኛታችሁ በፊት ሩብ ሰዓት። በእንጨት ጫፍ ላይ ቁራጭ ጨርቅ እሰሩና መሬት ለመሬት ጎትቱላት፣ ትዝለል፣ ትያዝ፣ ከዚያ የምትበላው ትንሽ ነገር ስጧት፣ ጨርቁንም አንሱት። አድና የበላች ድመት ጸጉሯን ልሳ ትተኛለች። ልጆቻችሁም ቢሆኑ ከስልኩ ሩብ ሰዓት ያርፋሉ።

እስኪ አሁን ደግሞ እኔ ክስ ላቅርብ። ዛፉን ጣለች አላችሁ። ድመቷ የጣለችው ዛፍ በአንድ ደቂቃ ተመልሶ ይቆማል። መጀመሪያ የጣለው ማነው? ያ ጥድ ከየት መጣ?

የሐበሻ ጥድ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አይደለም። እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ተቆረጠ፣ አለቀ። «ጫፉን ብቻ ነው የቆረጥነው» የምትሉ አላችሁ። ጫፉ እኮ ቀጥ ብሎ የሚያድግበት ነው። ጫፉን ያጣ ጥድ ጎን ቅርንጫፉ ቢተካው እንኳ ጎብጦ፣ ተንጨፍርሮ ይቀራል። ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ፣ ምስጥ ለማይበላው ጠርብ የሚሆነው ያ ቀጥ ያለው ግንድ ነበር። ዋግ ተራራው ምን ያህል እንደተራቆተ ለሰቆጣ ሰው መንገር አያስፈልግም፣ በመስኮታችሁ ተመልከቱ። ጥድ በብዛት የቀረልን በየአጥቢያው ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው፤ እሱም ካህናቱና ምእመኑ «የታቦት ነው» ብለው ስለጠበቁት። በገና ዋዜማ ሌሊት ከዚያ ቅጥር ግቢ አጠገብ መጥረቢያ ይዞ የሚንጎራደድ ጎረምሳ ድመት በልምጭ ሊመታ ምን ሞራል አለው?

እዚህ ላይ አንዳንድ ወገኖቼ ደስ ብሏችሁ «ልክ ነህ፣ ዛፉ ራሱ ባዕድ ነው፣ ይቃጠል» ልትሉ እንደሆነ ገምቻለሁ። አልልም። ልጆች ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ይወዳሉ፤ ይሄን ክረምት ያለፈ ልጅ አንድ ሳምንት መብራት አይቶ ቢደሰት አልቀናበትም። ስብከቱን ለሰባኪዎች ትቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የሚከበረው ልደት በከብቶች በረት የሆነ ልደት ነው። እንስሳቱ በትንፋሻቸው አሞቁት እያልን ለልጆቻችን እንነግራለን። ለዚያ በዓል ድምቀት ብሎ የቤቱን እንስሳ በጆንያ ማውጣት እንዴት እንደሚያያዝ የሚያስረዳኝ ካለ ኮሜንቱ ክፍት ነው።

ዛፍ ከፈለጋችሁ መላ አለው። በየግቢው አጥር የሆነው የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከዚያ አካባቢ የመጣ ነው፤ በየጊዜው መከርከም አለበት። አጥር ሲከረከም የወደቀውን ሦስት አራት ቅርንጫፍ አንድ ላይ አስራችሁ ባልዲ ውስጥ ብትተክሉ ከሐበሻው ጥድ ማንም አይለየውም፣ ድመቷ ብቻ ትለየው ይሆናል። ከዚያም የሚሻለው የጥድ ችግኝ በቆርቆሮ ተክሎ ገናን ቤት ውስጥ ማሳለፍና በሐምሌ መሬት ማስያዝ ነው። ችግኙ ቁመቱ ክንድ አይሞላም፣ ለመስቀል የሚበቃው ሁለት ኳስ ነው፤ ድመት የምትወጣበትም የለውም። መርካቶ የሚሸጠው ፕላስቲኩም አለ። እሱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ አንዴ የገዛችሁ ዓመት ዓመት ተጠቀሙበት፤ ቅጠሉን እየነጨች እንዳትውጥ ግን ተመልከቱ።

አንዳንዶቻችሁ ዛፉን እስከ ጥምቀት ታቆሙታላችሁ። የተቆረጠ ጥድ እስከዚያ ድረስ ደርቆ ክብሪት ይሆናል፤ ከገና ማግስት አውጡት። ስታወጡት ወለሉን በደንብ ጥረጉ፣ ምንጣፉን አራግፉ፣ የክር ቁራጭ አትተዉ። የሰቀላችሁትን ቆጥራችሁ ወደ ካርቶኑ መልሱ። ተበጥሶ የጎደለ ክር ካለ ድመቷን ሁለት ሦስት ቀን ተከታተሏት። መብላት ካቆመች፣ ደጋግማ ካስመለሳት፣ ሆዷን ስትነኳት ከጮኸች ነገ አትበሉ። ክር ከአፏ ወይም ከኋላዋ ብቅ ብሎ ካያችሁ እንዳትጎትቱት፤ ውስጥ የተጠመደ ከሆነ አንጀቷን ትቆርጡታላችሁ። እንዳለ ሆኖ በካርቶን ይዛችኋት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። ክሊኒኩ ለበሬና ለፍየል ብቻ የተከፈተ አይደለም፤ የሚስቅባችሁ ካለም የአስተማሪያችሁን ስም ጥሩና ግቡ።